ቀን ቀን ግድግዳ የሚሆነው አልጋ

«አልጋው የት ሄደ ነው የምልህ እኮ!»

«የትም አልሄደ። ይኸውላችሁ» አለ የቤቱ ልጅ እንግዳው፣ በአገጩ ወደ ግድግዳው እያሳየ።

አያ አዛናው ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አዩት። ቀረብ ብለው በዱላቸው ጫፍ መታ መታ አደረጉት። ቋ፣ ቋ አለ።

«ይኼማ ሳንቃ ነው።»

«አልጋ ነው አያ አዛናው። ታጥፎ ነው።»

«አልጋ ይታጠፋል እንዴ? ጋቢ ነው?»

ደጅ የቆሙት ሰዎች ሳቃቸው መጣ። ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲላቸው አፋቸውን በነጠላ ያዙ።

«እኔ የምልህ የጠፍሩን አልጋ ነው» አሉ አያ አዛናው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ጭራሽ ጎረቤት ድረስ ነው የሚሰማው። «የናትህን። ወንድሜን የሸኘንበትን። የዚህን የንብረትን አያት የሸኘንበትን። ሚስቴን ምጥ ሲጠናባት ወረታ ድረስ ይዘናት የሮጥንበትን። እሱን አውጣልን።»

«ፈርሷል።»

«ማን አፈረሰው?»

«እኔ ነኛ።»

«ለምን ተብሎ?»

«ይኼን ልሠራበት። እግሮቹ የሱ እግሮች ናቸው። ዋንዛውም ያው ዋንዛ ነው።»

«ጠፍሩስ?»

«ጠፍሩንማ ለምራን ይሆነኛል ብለው እርስዎ አይደሉ ጠቅልለው የወሰዱት?»

አያ አዛናው ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። እውነት ነው፤ ጠፍሩ አሁንም ሞፈርና ቀንበራቸውን አስሮ ተቀምጧል። ግን ሰውዬው በቀላሉ አይረቱም። «ታዲያ በምን እንውሰዳት? ንገረኛ! ግድግዳህን ነቅለን ነው የምንሸከማት?»

ነገሩ እንዲህ ነው። የእንግዳው እናት ድንቅነሽ ጎህ ሲቀድ አርፋለች። ሰፈራቸው ቁሐር ሚካኤል ደግሞ ነሐሴ ላይ መሬት አይባልም። ወንዙ ሞልቶ ሲወጣ ሜዳው ሁሉ ውሀ፣ ውሀው ሁሉ ሩዝ ነው። ከነሱ ቤት ጉብታ እስከ ቤተክርስቲያኑ ጉብታ ያለው መንገድ እስከ ጉልበት እየተነከረ የሚኬድ ነው፤ ከሰዓት ዝናብ ከጣለ ደግሞ ጉልበቱ ወገብ ይሆናል። ስለዚህ ቶሎ ተሸክሞ መውጣት ነው።

በዚያ ሰፈር ደግሞ ሰው የሚሸኘው በድንቅነሽ አልጋ ነው። ከናቷ የወረሰችው የዋንዛ እግር፣ የበሬ ጠፍር፣ ጠበብ ብሎ በማንም በር የሚወጣ አልጋ ነበር። ሰው ሲታመም፣ ሴት ስታምጥ፣ ሰው ሲሞት «ከድንቅነሽ ቤት አልጋውን አምጡ» ነው። እሷም ፍራሿን ጠቅልላ ትሰጣለች፤ እስኪመለስላት መሬት ትተኛለች። ሲመለስ በፈላ ውሀ አጥባ ፀሐይ ላይ ታቆመዋለች፣ ማታ ወጥታ ትተኛበታለች። ሬሳ የተኛበት ነው ምናምን ብላ አትፈራም። «እነሱ ሄዱ፣ አልጋው ምን አደረገኝ» ነበር የምትለው።

አሁን ተራው የሷ ሲሆን አልጋው የለም።

እንግዳው ወረታ ከተማ እንጨት ቤት ተቀጥሮ ነው የሚሠራው። ትምህርት ብዙም አልገፋም፤ የመምህሩን ወንበር ብሎን ፈትቶ ክፍሉን ሁሉ ሲያስቅ ተይዞ፣ አባትህን አምጣ ሲሉት አባቱን ከማምጣት እሱ ቀረ። እንጨት ቤት የሚሠሩት ቡፌና ቁም ሣጥን ነው። የወረታ ሰው ቡፌ ሲያዝ አበባ ይፈልጋል፣ መስታወት ይፈልጋል፣ ወርቅ ቀለም ይፈልጋል፤ አንበሳ ከተገኘማ ግራና ቀኝ ሁለት አንበሳ። እንግዳው ግን አንድ ቀን ስልኩ ላይ አንድ ነገር አይቶ ልቡ ሄደ። የሆነ የውጭ አገር ሰውዬ ነው። ቤቱ የዶሮ ቤት ታክላለች። ግድግዳውን ሳብ ሲያደርገው አልጋ ይወርዳል፤ አልጋውን እጥፍ ሲያደርገው ወንበር ይሆናል፤ መልሶ ሲሰቅለው ከሆዱ ጠረጴዛ ይወጣል። አበባ የለ፣ ወርቅ የለ፣ አንበሳ የለ። ልሙጥ።

ለአሠሪው አሳየው። አሠሪው አየና «ይኼ የድሀ ቤት ነው» አለ። «ዕቃ የገዛ ሰው ዕቃው እንዲታይለት ነው የሚፈልገው። የሚደበቅ ዕቃ ማን ይገዛኛል?»

እናቱ ስታየው ግን ሌላ ነገር ነው የታያት።

«ውሀ ቤት ሲገባ ወደ ላይ ይነሳል ማለት ነው?»

«ይነሳል።»

«በል እሱን ሥራልኝ። በየክረምቱ ፍራሽ ተሸክሜ ቆጥ ስወጣ ወገቤ አለቀ።»

ግንቦት ላይ ሠራላት። አዲስ እንጨት መግዣ ስላልነበረው የጠፍሩን አልጋ ፈታው። ጎኑን ከቤቱ ሁለት ቋሚዎች ጋር በብሎን አሰረው። ሲወርድ እግሮቹ በራሳቸው ቷ ብለው ይዘረጋሉ፤ እግሮቹንም ጎርፍ አስቦ እንጨት ቀጥሎ አስረዘማቸው። ወገቡ ላይ ማጠፊያ አለው፤ በስተጎን ያለችውን መቀርቀሪያ ከከፈትክ የራስጌው በኩል ይነሳና መደገፊያ ይሆናል። ከሥሩ ደግሞ ለልብስ ብሎ አንዲት ሣጥን ከቋሚው ጋር አያያዘ። ሰው ሊያይ መጣ። ድንቅነሽ ለመጣው ሁሉ ታወርዳለች፣ ትሰቅላለች፤ «ልጄ እኮ ነው የሠራው» ትላለች፣ ማን ነው የሠራው ብሎ የጠየቃት ሳይኖር።

ሩዙ ተዘርቶ ገና ሳይበቅል ታመመች። ከዚያ በኋላ አልጋው እንደወረደ ከረመ።

ዛሬ ጠዋት ሴቶቹ ሊገንዟት አንስተው ሰሌን ላይ ሲያስተኟት፣ እንግዳው ፍራሹን ጠቀለለ፣ አልጋውን አነሳ፣ ግድግዳው ላይ ሰቀለና ማያዣውን ቀጭ አደረገ። ልክ ሥራ ጨርሶ ዕቃ እንደሚሰበስብ ሰው። ለምን እንደዚያ እንዳደረገ ራሱም አላወቀው። የናቱ እህት እትዬ አምሳል አይተውት ሙሿቸውን አቋረጡ።

«አንተ ልጅ፣ እንጨት ነህ? ገላዋ ሳይቀዘቅዝ አልጋዋን ታነሳለህ?»

«ለሰው መቀመጫ ቦታ እንዲገኝ ብዬ ነው።»

«አልቅስ እንጂ! ቦታ ማን ጠየቀህ?»

ሞክሯል። ጓሮ ዞሮ ፊቱን ጨምድዶ ሁሉ ሞክሯል። ምንም አልመጣም። ጆሮው ይሰማል፣ እጁ ይሠራል፣ መሀል ላይ ግን ሰው የሌለበት ቤት ሆኗል። አባቱ አቶ ገብረማርያም ደግሞ በሩ ላይ ቁጭ ብለው ውሀውን ያያሉ። ከጠዋት ጀምሮ ቃል አልወጣቸውም።

«እንግዲያ ቃሬዛ እንሥራ» አሉ አያ አዛናው። «ሁለት ባህር ዛፍ ቆርጠን በገመድ ጠፍንገን…»

«ምን?» እትዬ አምሳል ከሟቿ አጠገብ ብድግ አሉ። «እህቴ በጣሪያ ማገር ልትሄድ? አገሩን ሁሉ በአልጋዋ የላከች ሴት? የናንተን ሬሳ ሁሉ መሬት እየተኛች የሸኘች? እኔ አምሳል በሕይወት ቆሜ አይሆንም!»

«ታዲያ በምን፣ እትዬ አምሳል? ዝናቡ መጣ እኮ።»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? አልጋ ያፈረሰውን ጠይቅ!»

ሁሉም እንግዳውን አየው። እንግዳው ግድግዳውን አየ። የመጣለት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ይቺ ሴት የኔ እጅ በሠራው ነው የምትሄደው። ከዚያ ወዲያ ምንም አላሰበም፤ ማሰብም አልቻለም።

«ይፈታል» አለ። «ብሎን ነው እኮ። ፈትተን በሱ እንወስዳታለን።»

«ይኼን ሳንቃ?»

«አልጋ ነው አልኩዎት!»

አያ አዛናው ወደ አባትየው ዞሩ። «ገብሬ፣ ምን ትላለህ?» አቶ ገብረማርያም አይናቸውን ከውሀው ሳያነሱ ጭንቅላታቸውን ወዘወዙ። ይሁን ነው አይሁን ማንም አልገባውም። እንግዳው ይሁን ነው ብሎ ወሰደው።

ካቻቪቴው ግን ወረታ ነው ያለው። አብሮ አደጉ ንብረት ማጭድ ይዞለት መጣ። የሱን ምላስ ሰፈሩ ያውቀዋል፤ ቀብር ላይ እንኳ አያርፍም።

«ሰው እናቱን ሊቀብር አካፋ ያመጣል። አንተ ማጭድ ታስመጣለህ» አለው በሹክሹክታ።

«ጫፉን ነው የምፈልገው። ያዝልኝ።»

የላይኞቹ ብሎኖች እያቃሰቱ ወጡ። እንግዳው በሙሉ ጉልበቱ ነበር ያጠበቃቸው፤ እናቱ ተኝታበት እንዳይወድቅ ብሎ። አሁን በማጭድ ጫፍ ሲታገላቸው ጣቱ ተላጠ፤ አላመመውም። ደሙን አየው፣ ሱሪው ላይ ጠረገው፣ ቀጠለ። የታችኞቹ ብሎኖች ከሣጥኗ ውስጥ ናቸው። ሣጥኗን ከፍቶ እጁን ሲሰድ አንድ ነገር ጠቅ አደረገው።

«ወይኔ! እባብ!» አለ ንብረት ወደ ኋላ ፈትልኮ።

እባብ አይደለም። ዶሮ ናት። ላባዋን ነፍታ፣ እንቁላሏን ታቅፋ፣ የእናቱ አሮጌ ቀሚስ ላይ ተኝታለች።

እንግዳው ለሰው ሁሉ አልጋ ይሆናል፣ ወንበር ይሆናል፣ ጠረጴዛ ይሆናል እያለ ሲያወራ፣ ድንቅነሽ ዝም ብላ የዶሮ ጎጆ አድርጋዋለች። አልነገረችውም። ለልብስ ነው ብሎ ስለሠራው እንዳይከፋው ይሆናል።

«እንዳትነካት!» አሉ እትዬ አምሳል። «ልትፈለፍል ደርሳለች። ድንቅዬ ናት ታማ ተኝታ እንኳ እንቁላሉን መርጣ ያስቀመጠችላት።»

«ብሎኑ ከሥሯ ነው እኮ እትዬ።»

«ከሥሯ ብሎን የሚያስቀምጥ ምን ዓይነት አናጢ ነው?»

«ዶሮ እንደሚኖር ማን ነገረኝ!»

«አናጢ ከሆንክ ማወቅ ነበረብህ!»

አያ አዛናው በዱላቸው መሬቱን መቱ። «ሰዎች! ቄሱ ውሀ ውስጥ ቆመው ይጠብቁናል! ዶሮዋን አንሱ!»

ዶሮዋን ንብረት አነሳት፤ ጆሮውን ነከሰችው። እንቁላሉን የአያ አዛናው ምራት ብርክቲ በነጠላዋ ተቀበለች። ብርክቲ ከሷ በፊት ሆዷ ነው በር የሚገባው፤ እንቁላሉን ሆዷ ላይ አስደግፋ፣ ዶሮዋን ብብቷ ሥር ወትፋ ጥጓን ይዛ ቁጭ አለች። ዶሮዋም እዚያ ሙቀት ስታገኝ ዝም አለች። እንግዳው የመጨረሻውን ብሎን ፈታ። አልጋው ከግድግዳው ተላቀቀ። ከኋላው ያለው ጭቃ ነጭ ሆኖ፣ በአልጋ ቅርጽ ቀረ።

«ሳይሞከር አይሄድም» አሉ አያ አዛናው። «መሀል መንገድ ላይ ቢከዳንስ? ማን ይተኛበት?»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ማን በጤናው ሬሳ ሊሄድበት የተዘጋጀ አልጋ ላይ ይተኛል?

«እኔ ልተኛ» አለና ንብረት ዘፍ አለበት። እጁን ደረቱ ላይ አነባበረ፣ አይኑን ጨፈነ። አራት ሰው አነሱት። ሲያነሱት አንድ አይኑን ከፈት አደረገና «አያ አዛናው፣ ያቺን ጥቁር ጊደር ለኔ ተናዘዙልኝ» አለ።

«የሞትከው አንተ፣ የምናዘዘው እኔ?»

«ብሞክር ብዬ ነው።»

እትዬ አምሳል በነጠላቸው ጫፍ ፊቱን ሾጥ አደረጉት። ግን አልጋው ያዘ። ንቅንቅ አላለም።

ድንቅነሽን አስተኟት፣ በሰሌን ጠቀለሏት፣ በመቀነት ከአልጋው ጋር አሰሯት። ተሸካሚዎቹ በአራቱ ማዕዘን ገቡ። እንግዳው ሄዶ በወገቡ በኩል ቆመ።

«አንተ ወደ ኋላ» አሉት አያ አዛናው። «ሀዘንተኛ አይሸከምም።»

«አልሸከምም። መቀርቀሪያዋን ነው የምይዘው።»

«እሱስ መሸከም አይደለም?»

«መያዝ ነው። ከላላች ይታጠፋል።»

አያ አዛናው ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና ሰማዩን አዩ። በጣና በኩል ጠቁሯል። «ያዝ በል። ብቻ እያለቀስክ ያዝ፤ ሰው ምን ይላል።»

እያለቀሰ ግን አልያዘም። ሴቶቹ ከኋላ ደረት እየመቱ፣ «ድንቅዬ፣ ድንቅዬ አልጋሽ» እያሉ ይከተላሉ። እሱ አውራ ጣቱን መቀርቀሪያዋ ላይ ተጭኖ ውሀውን እየቀዘፈ ይሄዳል። የሚሰማው የእንጨቱ ድምፅ ብቻ ነው። ማጠፊያው ሲጥጥ ሲል ይሰማዋል፤ ግራሶ ይፈልጋል፣ ብሎ ያስባል። ከፊት ያለው ልጅ አጭር ነው፤ ቁመታም ይሻል ነበር፣ ብሎ ያስባል። ሌላ አያስብም።

ሬሳ ሲሄድ በየመንገዱ ይቆማል፤ በየማረፊያው ፍትሐት አለ። በደረቅ መሬት ከሆነ ያወርዱታል፣ ይደገማል፣ ያነሱታል። ነሐሴ ላይ ግን የት ይወርዳል? የቁሐር ሚካኤል ሰው ክረምት ላይ የሞተበት እንደሆነ ቄሱ ደግመው እስኪጨርሱ ትከሻው እየተላጠ ቆሞ መጠበቅ ነው። የመጀመሪያው ማረፊያ ሲደርሱ ቄሱ በጥላቸው ሥር፣ ውሀው ቀሚሳቸውን አንሳፎት ቆመዋል። ዲያቆኑ መጽሐፉን ከራሱ በላይ ይዞታል። ተሸካሚዎቹ ጥርሳቸውን ነክሰው ቆሙ።

«አውርዱት» አለ እንግዳው።

«ውሀ ላይ?»

«ዝም ብላችሁ ዝቅ አድርጉት።»

ዝቅ አደረጉት። እግሮቹ ቷ፣ ቷ ብለው ተዘረጉና ጭቃውን ያዙ። አልጋው በራሱ ቆመ። ውሀው ከሥር ያልፋል፣ ድንቅነሽ ከላይ ደረቅ ናት። ተሸካሚዎቹ እጃቸውን ለቀቁ፣ መልሰው ያዙ፣ እንደገና ለቀቁ። አንዱ ትከሻውን እያሸ «አይ እግዜር ይስጥህ» አለ ሳያስበው። ቄሱ ፍትሐቱን ጀመሩ። እየደገሙ ጎንበስ ብለው ከሥር አዩ። ቀና አሉ፣ ጥቂት ደገሙ፣ አሁንም ጎንበስ ብለው አዩ። ዲያቆኑ ጎሸም እስኪያደርጋቸው።

እንደዚያ እያሉ አንድ ማረፊያ እስኪቀር ደረሱ። የመጨረሻው ማረፊያ የአቶ ገብረማርያም የራሳቸው ሩዝ ዳር ነው። ጭቃው እዚያ ላይ ለስላሳ ነው። ፍትሐቱ አልቆ «እንነሳ» ሲባል የግርጌው አንድ እግር ሰምጦ ቀረ። እንግዳው ሊነቅለው ጎንበስ አለ። ጎንበስ ሲል አውራ ጣቱ ከመቀርቀሪያዋ ተነሳ። ተሸካሚዎቹ ደግሞ አላዩትም፤ ከራስጌም ከግርጌም እኩል አነሱ።

መቀርቀሪያዋ ቀጭ አለች። ወገቡ ወደ ታች ሰረገደ፣ ራስጌው ወደ ላይ ተነሳ።

ድንቅነሽ ቁጭ አለች።

በነጭ መግነዟ፣ በሰሌኗ፣ ቀጥ ብላ። ፊቷን ወደ ሩዙ አድርጋ።

ከሴቶቹ አንዷ ጮኸች፤ ሌሎቹ መጮህም አልቻሉ። «በስመ አብ!» አለ ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ ሊለቅም ቃጣው። እንግዳው ትከሻውን ከአልጋው ወገብ ሥር ሰደደና ተንበርክኮ ያዘው፤ ውሀው ደረቱን ነካው።

«ማንም እንዳይለቅ!» አሉ አያ አዛናው። «አንተ ልጅ፣ መቀርቀሪያህን!»

«እጄ አይደርስም!»

«በጥርስህ ያዘው!»

ንብረት ወደ መቀርቀሪያዋ ሊዘረጋ ሲል ከኋላ አንድ ድምፅ «ቆይ» አለ።

አቶ ገብረማርያም ናቸው። በለበሱት ጋቢ ውሀው ውስጥ ቆመዋል። ከጠዋት ጀምሮ ያልተናገረ ጉሮሮ ስለሆነ ድምፁ ሻከረ።

«ተዋት ትንሽ» አሉ። «ከተዘራ ወዲህ አላየችውም። ሩዙን ትየው።»

ተሸካሚዎቹ እንደያዙ፣ እንግዳው ከሥር እንደተሸከመ፣ ቄሱ መጽሐፋቸውን እንደዘጉ ቆሙ። ሩዙ አንድ ክንድ አልፏል። ነፋሱ ከሐይቁ በኩል እየመጣ ሲነካው አረንጓዴው ይገለበጥና ነጣ ይላል፣ ደግሞ ይመለሳል። አንዲት ነጭ ወፍ መሀሉ ላይ በአንድ እግሯ ቆማለች። እንግዳው ከአልጋው ሥር ሆኖ ምንም አይታየው፤ የሚታየው ሳንቃው ነው፣ ግንቦት ላይ በእርሳስ አስምሮበት ሳያጠፋው የቀረ መስመር። የናቱ ክብደት ትከሻው ላይ ነው። ቀላል ናት። ይኼን ያህል ቀላለች እንዴ፣ አለ በሆዱ። ሀሳቡም እንደ ሌላው ሁሉ አልፎት ሄደ።

«በቃ» አሉ አባቱ።

ንብረት ራስጌውን ዝቅ አደረገ፣ መቀርቀሪያዋን ዘጋ። ከዚያ ሚካኤል ግቢ ገቡ።

ተቀበረች። አፈር ተመለሰ። እትዬ አምሳል ወድቀው ተነሱ፣ እንደገና ወደቁ። ዝናቡም የጠበቃቸው ይመስል አፈሩ ካለቀ በኋላ መጣ፤ ሰው ሁሉ ዛፍ ሥር ተጠለለ። እንግዳው እጁን ምን እንደሚያደርገው ጠፋው። አውራ ጣቱ ላይ የመቀርቀሪያዋ ቅርጽ ወጥቷል። ኪሱ ሲከተው ብሎኖቹን አገኘ። አውጥቶ አያቸው፣ መልሶ ከተታቸው።

አልጋው ወይራው ሥር ቆሟል። ዶሮዋን ከነእንቁላሏ ቤት ትታ፣ ከኋላ ከሴቶቹ ጋር ቀስ እያለች የመጣችው ብርክቲ እግሯ ዝሎ ነበርና አላቅማማችም፤ በፈላ ውሀ ይታጠብ ምናምን ሳትል መቀርቀሪያዋን ከፈተች፣ ራስጌውን አቆመች፣ ደገፍ ብላ ቁጭ አለችበት። እፎይ አለች፤ ግቢው ሙሉ ሰማት።

«ተመልከታት» አለ ንብረት። «እኔ አልጋ ብዬ የተኛሁበትን ወንበር አደረገችው። እንግዴ፣ ምን ልታደርገው ነው ግን?»

«ፈልጠዋለሁ።»

«ምን?»

«ቤት ወስጄ እፈልጠዋለሁ። ለተዝካሩ ማገዶ ይሆናል። ማነው ከእንግዲህ የሚተኛበት? አባዬ መደብ ላይ ነው የሚተኛው። እኔ ወረታ ነኝ።» ድምፁ ስለ ሰው ዕቃ የሚያወራ ነው የሚመስለው። «ለሷ ነው የሠራሁት፤ ሄደች። አለቀ።»

አያ አዛናው ዛፉን ተደግፈው ዱላቸው ላይ አገጫቸውን አስቀምጠው ነበር። እየሰሙ ኖሯል። ከጠዋት ጀምሮ ሳንቃ ሲሉት የዋሉትን አልጋ አዩት፣ ምራታቸውን አዩ፣ ከዚያ እንግዳውን።

«እናንተ ልጆች ስታወሩ ትውላላችሁ» አሉ። «ብርክቲ ወሯ ገብቷል፤ ምጥ ደግሞ ማጭድ እስኪመጣ አይጠብቅም። መልሰህ ስትሰቅለው ብሎኑን አታጥብቀው።»